ሞተሩ ዳገቱን ያወጣዎታል፣ ቁልቁለቱስ?

ሰላም እህቴ፣

ዕድሜዬ 52 ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። እኛ ሰፈር ሳይክል የማይነዳ ልጅ አልነበረም። የራሳችን ባይኖረንም በሰዓት ተከራይተን እስከ ዓባይ ድልድይ እንሄድ ነበር። በፈረንጆቹ 2001 በዲቪ አሜሪካ መጣሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተራራ ላይ ይዞኝ ወጣ። ማውንቴን ባይክ የሚባለውን ነገር ያኔ አወቅሁ። ለብዙ ዓመት ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ቦታ አልገኝም ነበር። ጎልደን አጠገብ ያሉትን ተራሮች እንደ ሰፈሬ አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ ሁለተኛዋ ልጃችን ተወለደች። ሁለት ሥራ ያዝኩ። ሳይክሉ ጋራዥ ውስጥ ተሰቀለ። አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ኪሎ ጨምሬአለሁ። ደም ግፊት አለብኝ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ። ደረጃ ስወርድ ግራ ጉልበቴን ያመኛል።

ባለፈው ዓመት የ16 ዓመት ልጄ የትምህርት ቤቱ የማውንቴን ባይክ ቡድን ውስጥ ገባ። «አባዬ፣ አንተም ትነዳ ነበር አይደል? ና እንጂ» አለኝ። ብስክሌት ተውሼ አንድ ቀን አብሬው ወጣሁ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ወርጄ ገፋሁ። እሱ ከላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ምንም አላለኝም። እኔ ግን አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ሲጠራኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ።

አሁን የኤሌክትሪክ ማውንቴን ባይክ ልገዛ አስቤአለሁ። ዋጋው ከ5,000 ዶላር በላይ ነው። ቡና ላይ ለጓደኞቼ ባነሳው ሳቁብኝ። «ሞተር ካለው ምኑን ስፖርት ሆነ? ሞተር ሳይክል ግዛና ተገላገል» አሉኝ። እውነታቸውን ይመስለኛል። ልጄ ፊት ሞተር ይዤ መቅረቡም ያሳፍረኛል። ባለቤቴ ደግሞ «በዚህ ዕድሜህ ወድቀህ ብትሰበርስ?» ትላለች። ባሕር ዳር የጀመርነው ቤት አለ፤ ልጁም ኮሌጅ ሊገባ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሱቁ ቅናሽ ስለነበረው 500 ዶላር ቀብድ ከፍያለሁ። ባለቤቴ አታውቅም። ምን ይመክሩኛል?

ከአውሮራ

*

ወንድሜ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ቆም ያልኩት ዳገቱ ላይ ነው። ልጅዎ ከላይ ቆሞ የጠበቀዎት ቦታ ላይ። እርስዎ ከዚያ ቀን ይዘው የተመለሱት ድካምዎን ነው። ግን የ16 ዓመት ልጅ ጓደኞቹን ትቶ አባቱን ይዞ ተራራ ሲወጣ በየቀኑ የሚታይ ነገር አይደለም። ቆሞ ጠበቀዎት። አልሳቀም፣ አልተነጫነጨም። ደግሞም «ከዚያ ወዲህ ሲጠራኝ» ብለዋል። ስለዚህ አሁንም እየጠራዎት ነው ማለት ነው። የታዘበ ልጅ አይጠራም።

ያን ቀን እሱ እንዴት እንደሚያስታውሰው ጠይቀውት ያውቃሉ? «ሥራ አለብኝ» የሚለውን መልስስ ምን ብሎ ይተረጉመው ይሆን? እርስዎ ኀፍረትዎን እየደበቁ ነው። እሱ ግን አባቴ ከእኔ ጋር መዋል አይፈልግም ብሎ እያሰበ ሊሆን ይችላል። ብስክሌት ተገዛም አልተገዛም፣ ይህን ለማስተካከል አንድ ሳንቲም አያስፈልግዎትም። «ያን ቀን ስለደከመኝ አፍሬ ነው እንጂ ካንተ ጋር መሄድ ደስ ይለኛል» ቢሉት ይበቃል። የዚህ ዕድሜ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ይከብደዋል፤ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ቢነግሩት ይቀልላችኋል።

ወደ ሞተሩ ልምጣ። ጓደኞችዎ በሐሳባቸው የመጣው እጀታው ሲጠመዘዝ ብድግ ብሎ የሚሄድ ነገር ይመስለኛል። ሊገዙ ያሰቡት ክላስ 1 የሚባለው ከሆነ እንደዚያ አይሠራም። ነዳጅ መስጫ የሚመስል ነገር የለውም። ፔዳሉ የተያያዘበት ቦታ ላይ ያለ ሴንሰር እግርዎ ምን ያህል እንደገፋ ይለካል፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ያግዛል። እግርዎ ሲያቆም እሱም ያቆማል። ፍጥነትዎ በሰዓት 20 ማይል ሲደርስ፣ ማለትም ወደ 32 ኪሎ ሜትር፣ እገዛውን ይተዋል። ዳገት ላይ ያልብዎታል፣ ትንፋሽዎም ይቆራረጣል። ግን ወርደው አይገፉም።

በፈረንጆቹ 2019 የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልምድ ያላቸውን 33 ነጂዎች በአንድ የተራራ መንገድ ላይ በሁለቱም ዓይነት ብስክሌት አስነድተው የልብ ምታቸውን ለኩ። በኤሌክትሪኩ ሲነዱ የነበራቸው አማካይ የልብ ምት በተለመደው ከነበረው 94 ከመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ነጂዎቹ ራሳቸው ግን ያን ያህል የለፉ አልመሰላቸውም። ልባቸው እየሠራ፣ እነሱ እየተዝናኑ ነበር። ደም ግፊት ላለበትና ዳገት ላስቀየመው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰው ስፖርት የሚተወው ስፖርቱ ስለማይጠቅመው አይደለም፤ ስለሚያስጨንቀው ነው።

ስፖርት አይደለም ለሚለው ደግሞ የዓለም ብስክሌት ኅብረት በዚያው በ2019 ካናዳ ውስጥ ሞንት ሴንት አን ላይ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ማውንቴን ባይክ የዓለም ሻምፒዮና አካሂዷል። በወንዶች ያሸነፈው አፍሪካዊ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው አላን ሃዘርሊ። ያው ሰው በ2024 አንዶራ ላይ ያለ ሞተር የሚደረገውን የአገር አቋራጭ የዓለም ሻምፒዮናም ወሰደ። ሞተር ያለውን መንዳት ሰውን ሰነፍ እንደማያደርግ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ማጭበርበር የሚሆነው ሰዓት በሚያዝበት ተራ ውድድር ላይ ሞተር ደብቆ መግባት ነው። እርስዎ ከማን ጋር እየተወዳደሩ ነው?

ይህን የምጠይቀው ነገር ለማዞር አይደለም። ጓደኞችዎ «ጎበዝ፣ ግዛው» ቢሉዎት ኖሮ ኀፍረቱ ይጠፋ ነበር? እኔ አይመስለኝም። የሚያሳፍርዎት ሞተሩ ብቻ ሳይሆን፣ የድሮውን ቅዳሜ ጠዋት የሚነዳውን ሰውዬ በአንድ ቀን መልሰው ማግኘት አለመቻልዎ ይመስላል። ያ ሰውዬ ሁለት ሥራ ሠርቶ ልጆች አሳድጓል። አሥራ ሁለት ዓመት የጠፋው ተኝቶ አይደለም። አሁን የሚነዳው የ52 ዓመት ሰው ነው፤ ለእሱ የሚስማማውን መምረጥ ይገባዎታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቁልቁለቱ።

ድሮ ምን ያህል ከፍ ብለው እንደሚወጡ የሚወስነው እግርዎ ነበር። ጉልበት የሌለው ሰው ጫፉ ላይ አይደርስም፤ ጫፉ ላይ ካልደረሰ ደግሞ ያንን ድንጋያማ ቁልቁለት አይወርደውም። ስለዚህ እግርና እጅ አብረው እየበረቱ ይመጡ ነበር። ሞተሩ ይህን ያለያየዋል። ልምምድ ሳይኖርዎት ጎልደን አጠገብ ያለው የኤፔክስ ጫፍ ላይ ብዙም ሳይደክምዎ ያደርስዎታል። እግርዎ «ገና ነኝ» ይላል። ፍሬን የሚይዘው እጅ፣ ቀድሞ ድንጋዩን የሚያየው ዓይን፣ ሚዛን የሚጠብቀው ወገብ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሥራ ፈተው ነው የቆዩት።

ክብደቱም አለ። ድሮ ይነዱት የነበረው ብስክሌት 13 ወይም 14 ኪሎ ቢሆን ነው። ሙሉ ኃይል ያላቸው የኤሌክትሪክ ማውንቴን ባይኮች ከ22 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናሉ። ሽቅብ ሲሄዱ ሞተሩ ክብደቱን ያስረሳዎታል። ቁልቁል ሲወርዱ የሚያስረሳ ነገር የለም። ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ይረዝማል፤ መስመርዎን ከሳቱ መልሶ ማስተካከሉም ይከብዳል። አንድ ዙር ጨርሰው ባትሪው ግማሽ ሲቀረው ደግሞ «አንድ ልድገም» ማለት ያምራል። ድካሙ እግር ላይ ስለማይታወቅ ሰው ራሱን ይሸውዳል። የእጅ ጣት ከዛለ በኋላ መውረድ ግን ጥሩ አይደለም።

ስለዚህ ከተመለሱ የመጀመሪያዎቹን ወራት ዳገት ለመውጣት ሳይሆን መውረድ እንደገና ለመማር ይስጧቸው። ቤትዎ አጠገብ ቸሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ አለልዎት። ሜዳ ነው፤ አስፋልትም የአፈር መንገድም አለው። በኮሎራዶ ስቴት ፓርኮች ክላስ 1 ብስክሌት በሚፈቀድበት መንገድ ሁሉ ይነዳል። ሰው በሌለበት ሰዓት ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ይሂዱና ከፔዳሉ ላይ ይቁሙ። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። ክርንዎና ጉልበትዎ ይታጠፉ። በእያንዳንዱ እጅ አንድ ጣት ብቻ ፍሬኑ ላይ ያድርጉ፤ የቀሩት ጣቶች እጀታውን ይያዙ። መሬት ላይ ያለ አንድ ነጭ መስመር መርጠው እዚያው ለመቆም ይሞክሩ። መጀመሪያ ያልፉታል። ሁለቱን ፍሬኖች ምን ያህል መያዝ እንዳለብዎ ጣትዎ እየለመደ ሲመጣ መስመሩ ላይ መቆም ይጀምራሉ። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን የአንገት አጥንት የሚያተርፈው ይኸ ነው።

ሞተሩም የራሱ ጠባይ አለው። ዳገት ላይ ቆመው ሲነሱ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ከሆነ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፣ ወይም የፊቱ ብድግ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዝቅተኛው፣ ኢኮ የሚባለው ላይ ይሁኑ። ቆመው ሳለ እግርዎን ፔዳል ላይ ጫን ካደረጉት ሊስፈነጠር ስለሚችል፣ ሲወጡበትም ሲወርዱበትም ፍሬን መያዝ ይልመዱ። ማርሽ የሚቀይሩት ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ይሁን። በሞተር ኃይል ተወጥሮ ያለ ካቴና ላይ ማርሽ መቀየር ካቴናውን ሊበጥሰው ይችላል።

ከተዉት ወዲህ የተለወጠ ብዙ ነገር አለ። የጎማው ዲያሜትር ከ26 ኢንች ወደ 29 አድጓል። የፊት ማርሽ አንድ ብቻ ቀርቷል። ለእርስዎ ትልቁ ለውጥ ግን ኮርቻው ነው። ድሮ ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ቆመው፣ ወርደው፣ ኮርቻውን በእጅዎ ፈትተው ዝቅ ያደርጉ ነበር፤ ብዙ ሰው ስለሚሰለቸው እንዳለ ይወርድ ነበር። አሁን በግራ አውራ ጣትዎ አንዲት ቁልፍ ተጭነው ክብደትዎን ሲያሳርፉበት ኮርቻው ቁጭ ይላል፤ ከላዩ ተነሥተው ቁልፏን እንደገና ሲጫኑ ደግሞ ብድግ ይላል። እዚያው ቦታ ላይ ድሮ የፊት ማርሽ መቀየሪያ ነበር። ስለዚህ ዳገት ላይ ጣትዎ በልማድ ማርሽ ልቀይር ብሎ ኮርቻውን ቢጥልብዎ አይደንግጡ። በሁለት ሳምንት ይለመዳል። መውደቅ ለሚፈራ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አልተሠራም።

ሐኪምዎን ሳያነጋግሩ ግን ተራራ አይውጡ። «ስፖርት ልሥራ ወይ?» ብቻ ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ አዎ ነው። የሚወስዱት መድኃኒት ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁ። ቤታ ብሎከር ከሚባሉት ከሆነ የልብ ምትን ይዞ ስለሚያቆይ፣ የእጅ ሰዓትዎ የሚያሳየው ቁጥር ምን ያህል እንደለፉ አይነግርዎትም። ያኔ የሚሻለው መለኪያ ንግግር ነው፤ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ደህና ነዎት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አብሮ ካለ ደግሞ መውደቅ ሌላ ትርጉም አለው። ጉልበትዎም ይታይ። ደረጃ ሲወርዱ የሚያምዎት ከሆነ፣ ቁልቁለት ላይ ጉልበት አጥፎ መቆሙ ሊሰማዎት ይችላል። ፊዚዮቴራፒስት በጥቂት ቀን የሚያሳይዎት እንቅስቃሴ ብዙ ይረዳል። በነገራችን ላይ ስለ ከፍታው አይስጉ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ባሕር ዳር ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር። ያደጉት ከዚህ ከፍ ብለው ነው።

የት እንደሚፈቀድም ይወቁ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮሎራዶ በፈረንጆቹ 2017 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በሦስት ክላስ ይከፈላል፤ ክላሱ ብስክሌቱ አካል ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ጎልደን አጠገብ የሚያውቋቸው ተራሮች፣ ኤፔክስም፣ ዋይት ራንችም፣ ኖርዝ ቴብል ማውንቴንም፣ የጄፈርሰን ካውንቲ ናቸው። ካውንቲው ከ2018 ጀምሮ ብስክሌት በሚነዳበት የአፈር መንገድ ላይ ክላስ 1ን ይፈቅዳል። ነዳጅ መስጫ የሚመስል ቁልፍ ያለው ክላስ 2 ግን እዚያ የአፈር መንገድ ላይ አይገባም። እንደ ባፋሎ ክሪክ ያሉት የብሔራዊ ደን መንገዶች ደግሞ ሌላ ናቸው። እዚያ ክላስ 1 ራሱ እንደ ሞተር ተሽከርካሪ ስለሚቆጠር፣ ለይተው ካልፈቀዱ አይነዳም። ልጅዎ «ባፋሎ ክሪክ እንሂድ» ቢልዎት የጋራዡን ብስክሌት ይዘው ይሂዱ። ቀብድ የከፈሉበት የትኛው ክላስ እንደሆነ ዛሬውኑ ይዩ።

አብራችሁ ስትሄዱ አንድ ያልጠበቁት ነገር ይገጥምዎታል። ዳገት ላይ ልጅዎን ይቀድሙታል። ያኔ ኢኮ ላይ ሆነው ከኋላው ይሁኑ፤ እርምጃውን እሱ ይወስን። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እሱ ይምራ፣ እርስዎ መስመሩን ይከተሉ። «እዚህ ጋ እንዴት ነው የገባኸው?» ብለው ይጠይቁት። አባቱ ከእሱ የሚማረው ነገር ሲያገኝ ልጅ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ያዩታል። የቡድን ልምምዱን ግን ለእሱ ይተዉለት። እዚያ አሰልጣኝም ጓደኞችም አሉት። የእናንተ ቀን ሌላ ይሁን። ሳይሞቅ ይውጡ፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን መብረቅ እርስዎም ያውቁታል።

አሁን ወደ ቀብዱ። ስለ ሞተሩ ብዙ ጽፈው፣ ስለ ቀብዱ መጨረሻ ላይ ጥቂት መስመር ጨምረዋል። እንቅልፍ የሚነሳዎት ግን እሱ ይመስለኛል። ልክ ነኝ?

ባለቤትዎ «ብትሰበርስ» ያሉት ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብለው ያስቡት። ምናልባት ሁለት ሥራ ላይ ሆነው የኖሩባቸውን ዓመታት እሳቸውም አብረው ኖረውታል። እርስዎ ለሁለት ወር ክንድዎ ቢታሰር ሺፍቱን ማን ይሸፍናል? ኢንሹራንሱ ከምን ያህል ብር በኋላ ነው መክፈል የሚጀምረው? ባሕር ዳር ያለው ቤት ጣሪያው ሳይመታ ይቆማል? ይህ ነዝናዥነት አይደለም። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። «አይዞሽ፣ አልወድቅም» መልስ አይሆንም፤ ማውንቴን ባይክ የሚነዳ ሰው ይወድቃል። መልስ የሚሆነው እንዴት እንደሚጀምሩ፣ የት እንደሚነዱ፣ ምን እንደሚለብሱ፣ ስንት ብር እንደሚወጣና ከየት እንደሚወጣ መንገር ነው።

ቀብዱን ሳይነግሯቸው ስለ ብስክሌቱ ፈቃድ አይጠይቁ። መጀመሪያ እሺ ካሉዎት በኋላ ቢሰሙት እሺታቸውን ይሰርዙታል፤ እውነትም አላቸው። ልጁን መልእክተኛ አያድርጉት። እንግዳ ባለበትም አያንሱት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንዲህ ይበሉ፦ «ሳልነግርሽ 500 ዶላር ቀብድ ከፍያለሁ። ቅናሹ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። አንቺን ሳላማክር ማድረግ አልነበረብኝም።» ከዚያ ዝም ይበሉ። «ግን» የምትለዋን ቃል አይጨምሩ። ስለ ጤናዎ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ባሕር ዳር ልጅነትዎ የሚያወሩበት ሌላ ምሽት ይኖራል። ቢቆጡ ይቆጡ። ቁጣቸው ከገንዘቡ ይልቅ በመደበቁ ሊሆን ስለሚችል፣ ገንዘቡን ማስላት ውስጥ ቶሎ አይግቡ።

ግዢውን እኔ ብሆን አሁን አልቸኩልበትም። ጋራዥ የተሰቀለው ብስክሌት አለልዎት። ሁለት ጎማ፣ ከመነዳሪና የፍሬን ሸራ ይቀየርለት፤ ከአዲሱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ሜዳ ላይ አንድ ወር ይንዱት። በዚያ ወር ውስጥ ቅዳሜን እየጠበቁ ከሆነ ፍላጎቱ እውነት ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰበብ መፈለግ ከጀመሩም ከ5,000 ዶላር በፊት አወቁት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የኤሌክትሪኩን ተከራይተው ከልጅዎ ጋር ይውጡ። ጎልደን አካባቢ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፤ በቀን ከመቶ ዶላር በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ። ይቆጫል፣ ግን ብዙ ያስተምራል። ጉልበትዎ እንዴት እንደሚሆን፣ ክብደቱን ቁልቁለት ላይ እንደሚችሉት፣ መኪና ላይ ማንሳቱ ወገብዎን እንደሚጎዳው ያኔ ይታወቃል። ለማንሳት ባትሪውን አውጥተው ለየብቻ መጫን ይሻላል። መኪናዎ ላይ የሚገጠመው መጫኛም ይህን ክብደት የሚችል መሆን አለበት፤ የድሮው አይችልም።

የሚገዙ ከሆነ ሒሳቡን ሙሉ ያድርጉት። ሄልሜት፣ ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ፣ የመኪና መጫኛ፣ ሰርቪስ። ጎማው ያለ ከመነዳሪ የሚሠራውና ውስጡ መድፈኛ ፈሳሽ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ የአውሮራ ሜዳ እሾህ የሚያደርገውን ያውቁታል። ባትሪና ሞተሩ ዩኤል 2849 የሚባለውን የደኅንነት መስፈርት ያሟሉ መሆናቸውን ይጠይቁ። ቤት ሲገባም ተኝተው ሳለ ቻርጅ አያድርጉት፤ መውጫ በር አጠገብም አይሁን። ያገለገለ ርካሽ አገኘሁ ካሉ ደግሞ ውዱ ዕቃ ባትሪው ስለሆነ፣ ወኪሉ ሱቅ ወስደው በኮምፒውተር ሳያስነብቡት ገንዘብ አይስጡ። ቅናሽ እንደሆነ ይመጣል። ሱቆች የዓመቱን ዕቃ ክረምት ሳይገባ ማራገፍ ይወዳሉ።

ከሁሉ በፊት ነገ ሱቁ ጋ ይደውሉ። ቀብዱ ይመለሳል ወይ? ካልተመለሰስ ለጥቂት ወር ሊቆይልኝ ወይም ወደ ሌላ ዕቃ ሊዞርልኝ ይችላል ወይ? የሚሉዎትን በጽሑፍ ይላኩልኝ ይበሉ። መልሱ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ማታውኑ ለባለቤትዎ ይንገሯቸው። 500 ዶላሩ ቀልጦ ቢቀር እንኳን ከእርስዎ አፍ ይስሙት፤ ከባንክ ወረቀት ላይ አይሁን።